በእጅ የተሠራ የማይክ ስታንድ፦ እንዳይወድቅ አሠራሩ፣ ከወደቀም ተጠያቂው

ከስቱዲዮ ውጭ ድምፅ ሲቀዳ፣ ማኅሌትም ይሁን የአዝማሪ ጨዋታ ወይም የመዘምራን ዝማሬ፣ ማይኩ ከሰው ራስ በላይ ከፍ ብሎ መቆም አለበት። ለዚህ የሚሆን 3 እና 4 ሜትር የሚደርስ ስታንድ ከውጭ ማስመጣት ውድ ስለሆነ ብዙ ድምፅ ቀጂ ወደ ብየዳ ቤት ይሄዳል። በያጁም ቀጥ ብሎ የሚቆም ነገር ይሠራለታል። ነገር ግን ቀጥ ብሎ መቆምና ሰው ትከሻውን ሲያሳርፍበት ወይም ልጅ ገመዱን ሲጎትተው አለመውደቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የ3.7 ሜትር ምሰሶ ሲገለበጥ ጫፉ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እዚያ ጫፍ ላይ 1 ኪሎ የሚመዝን ብረትና ማይክ አለ። ከሥሩ ደግሞ ሰው ተቀምጧል።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ድምፅ ጥራት ምንም አይልም። ስታንዱ በሰው ላይ እንዳይወድቅ እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚፈተንና አደጋ ቢደርስ ማን እንደሚጠየቅ ብቻ ነው የሚያሳየው።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ሦስት እግር ያለው ስታንድ የሚገለበጠው በእግሩ አቅጣጫ ሳይሆን በሁለት እግሮች መካከል ባለው ባዶ ቦታ በኩል ነው። በዚያ በኩል ከመሃል እስከ መገልበጫው መስመር ያለው ርቀት የእግሩ ርዝመት ግማሽ ብቻ ነው። እግሩ 80 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የምትተማመኑበት 40 ሳንቲ ነው ማለት ነው። አራት እግር ቢኖረው 70 በመቶ ገደማ፣ አምስት ቢኖረው 80 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ የቢሮ ተሽከርካሪ ወንበር አምስት እግር የሚሠራለትም በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ ሦስቱን እንመርጣለን፣ ምክንያቱም ሦስት እግር ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይም አይወላገድም። የሚጎድለውን በእግር ርዝመትና በክብደት እናካክሳለን።

ስታንዱን የሚያቆመው ኃይል አጠቃላይ ክብደቱ በዚህ ርቀት ሲባዛ ነው። ከዚህ በታች የምንሠራው ስታንድ ማይኩን ጨምሮ 11 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 11 በ0.4 ሜትር ሲባዛ 4.4 ኪሎ ሜትር ይሆናል (ኪሎ ግራም በሜትር ማለታችን ነው፣ ርቀት አይደለም)። አሁን ንፋሱን እንመልከት። በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ንፋስ፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፣ ምሰሶውን በ0.8 ኪሎ ያህል ጉልበት ይገፋዋል፤ ይህ ጉልበት የሚያርፈው ወገቡ ላይ፣ 1.85 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ጫፉ ላይ ያለውን የማይክ ንፋስ መከላከያ ደግሞ በ0.2 ኪሎ ይገፋዋል። ሁለቱ ሲደመሩ ስታንዱን ለመጣል የሚሠራው ኃይል 2.2 ነው። 4.4 ከ2.2 ይበልጣልና ይቆማል።

እግሩን ለመጓጓዣ እንዲመች ብላችሁ 45 ሳንቲ ብታደርጉትስ? ክብደቱ ወደ 10 ኪሎ ይወርዳል፣ ርቀቱ 22.5 ሳንቲ ይሆናል፤ ያለው አቅም 2.25 ብቻ ነው። ያ ንፋስ ሲመጣ ሚዛኑ እኩል ለእኩል ነው፤ ሰው በክርኑ ቢነካው ይሄዳል። ንፋሱ በሰከንድ 15 ሜትር ሲደርስ ደግሞ ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ተኩል ሳይሆን በ2.25 እጥፍ ያድጋል፤ የሚጥለው ኃይል ወደ 5 ይጠጋል። ያኔ ባለ80 ሳንቲው ስታንድም ያለ አሸዋ አይቆምም። 15 ኪሎ አሸዋ እግሮቹ ላይ ከተጨመረ አቅሙ 10.4 ይሆናል፣ ሁለት እጥፍ ይተርፈዋል። የአሸዋ ከረጢት የስታንዱ አካል ነው የምንለው ለዚህ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ለአንድ 3.7 ሜትር ስታንድ፦

- 25 በ25 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ የሆነ ቱቦላሬ፣ 2.5 ሜትር (ለሦስት እግር)
- 6 ሚሊ ውፍረት ያለው ላሜራ፣ 15 በ15 ሳንቲ
- ባለ 1½ ኢንች የውሃ ቱቦ፣ 40 ሳንቲ (የምሰሶው ማቀፊያ)
- ውጫዊ ስፋቱ 38 ሚሊ የሆነ ክብ ቱቦ፣ ውፍረቱ 1.5፣ 2 ሜትር
- ውጫዊ ስፋቱ 32 ሚሊ የሆነ ክብ ቱቦ፣ ውፍረቱ 1.5፣ 2.1 ሜትር
- ኤም 8 (ውፍረቱ 8 ሚሊ) ብሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው፣ 16
- ኤም 10 ብሎን፣ ርዝመቱ 8 ሳንቲ፣ ከ2 ዳዶ ጋር፣ 3 (ለእግር ጫፍ)
- አንድ ባለ ⅜ ኢንች ብሎን፣ ጥርሱ በኢንች 16 የሆነ
- 1 ሚሊ ላሜራ ቁራጭ፣ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ፣ የቱቦ አፍ መክደኛ ፕላስቲክ
- የሳይክል ፍሬን ሽቦ፣ የሽቦ ማጥበቂያ 2፣ ትንሽ ባለመቆለፊያ ቀለበት
- አሮጌ ከመነዳሪ ወይም ጠንካራ ሸራ፣ 15 ኪሎ ደረቅ አሸዋ

ቱቦውን ከመግዛታችሁ በፊት በካሊፐር ለኩት። 1.5 ነው ተብሎ የሚሸጥ ቱቦ ሲለካ 1.2 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ከምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት መግዛት ምንም ነውር የለውም፤ ነገር ግን የውስጡን ዝገት በመብራት ተመልከቱ። ታጥፎ የተቃና ቱቦ ግን አትውሰዱ። የተቃናው ቦታ ዳግመኛ የሚታጠፍበት ቦታ ነው።

የባህር ዛፍ አጣና ርካሽና ቀላል ስለሆነ የሚጠቀሙበት አሉ። እርጥብ አጣና ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ ምስማሩም ይላላል። ሰው በሌለበት ሜዳ በሦስት ገመድ ተወጥሮ ለአንድ ቀን ይሆናል። ሰው መሃል ግን አይቁም።

አሠራሩ

1. ቱቦላሬውን ሦስት ቦታ፣ እያንዳንዱን 80 ሳንቲ አድርጋችሁ ቁረጡ። የተቆረጠውን አፍ በሞረድ አለስልሱ። ስለታም የብረት ጠርዝ የማይክ ገመድ ይቆርጣል፣ ባዶ እግሩን የቆመ ሰውም ያቆስላል።

2. ማቀፊያውን ቱቦ በላሜራው መሃል ቀጥ አድርጋችሁ በዙሪያው ሙሉ በሙሉ በይዱ። የውሃ ቱቦ ዚንክ የተቀባ ከሆነ ከመበየዱ በፊት ጫፉን 5 ሳንቲ ያህል በግራይንደር ፋቁት፤ ብየዳውም ከቤት ውጭ ይሁን። ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታውን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል። ሌላው ችግር፣ በዚንክ ላይ የተበየደ ብየዳ ውስጡ አረፋ ይይዛል፤ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ሲገፋ ይለቃል።

3. እግሮቹን ከላሜራው በታች በ120 ዲግሪ ልዩነት አስቀምጡ። የእያንዳንዱ እግር ጫፍ ከመሃል 80 ሳንቲ እንዲርቅ የውስጥ ጫፎቻቸው መሃል ላይ እንዲገናኙ አድርጉ፤ ለዚህ ጫፎቹ በሾጣጣ መቆረጥ አለባቸው። እያንዳንዱን እግር በሁለት ኤም 8 ብሎን እሰሩ፣ አንዱ ከመሃል 4 ሳንቲ፣ ሌላው 6.5 ሳንቲ ላይ። በአንድ ብሎን ብቻ የታሰረ እግር ይዞራል፤ ሲዞር ሁለት እግሮች ይቀራረቡና በአንድ በኩል ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ ስታንዱም በዚያው ይሄዳል። ለማጓጓዝ ብሎኖቹ ይፈታሉ፤ ስለዚህ እግሩንና ላሜራውን በቁጥር ምልክት አድርጉባቸው።

4. በየእግሩ ጫፍ 10.5 ሚሊ ቀዳዳ ብሱ፣ ከላይ የኤም 10 ዳዶ በይዱበት። ብሎኑ ከላይ ወደ ታች ይገባና እንደ እግር ይሆናል፤ ሁለተኛው ዳዶ መቆለፊያ ነው። የብሎኑን ጫፍ በላስቲክ አልብሱት። ወጣ ገባ መሬት ላይ ምሰሶው ቀጥ የሚለው በእነዚህ ሦስት ብሎኖች ነው። ድንጋይ ወይም የታጠፈ ካርቶን ከእግር ሥር መክተት የተለመደ ቢሆንም ሰው ሲረግጥ ይንሸራተታል።

5. በማቀፊያው ላይ ከታች 5 ሳንቲ፣ ከላይ 35 ሳንቲ ከፍታ ላይ ሦስት ሦስት ቀዳዳ በዙሪያው ብሱና የኤም 8 ዳዶ በይዱባቸው። የ38ቱ ቱቦ ሲገባ በዙሪያው 2 ሚሊ ያህል ክፍተት አለው። ስድስቱ ብሎኖች ያንን ክፍተት ይዘጋሉ፣ ምሰሶውንም በትክክል ያቃናሉ። የብሎኖቹን ጫፍ አድቦልቡሉት፤ ሹል ከሆነ ስሱን ቱቦ ወደ ውስጥ ይሰረጉደዋል።

6. የ32ቱ ቱቦ በ38ቱ ውስጥ ሲገባ በየጎኑ 1.5 ሚሊ ይላላል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ጫፉ ላይ ግን ብዙ ሳንቲ የሚወዛወዝ ነገር ይሆናል። ከ32ቱ ታችኛ ጫፍ ላይ 1 ሚሊ ላሜራ ጠቅልላችሁ እንደ ቀለበት በይዱበት። ከዚያ ቱቦውን በ38ቱ የታችኛው አፍ በኩል አስገቡት፤ በ38ቱ የላይኛው አፍ ውስጥ ደግሞ ተመሳሳይ ቀለበት በይዱ። ሁለቱ ቀለበቶች ውዝዋዜውን ያጠፋሉ፤ ከዚህም በላይ የላይኛው ቱቦ በስህተት ተስቦ ሙሉ በሙሉ እንዳይወጣ እርስ በርስ ይያያዛሉ። አንዳንድ ቱቦ ውስጡ የብየዳ መስመር ስላለው አልገባም ይላል፤ መስመሩን በክብ ሞረድ መሞረድ ነው እንጂ በመዶሻ መምታት አይደለም።

7. ሁለቱ ቱቦዎች ቢያንስ 40 ሳንቲ መደራረብ አለባቸው። በዚያ ቁመት ላይ ሁለቱንም አንድ ላይ አድርጋችሁ በ8.5 ሚሊ ብሱ፣ ኤም 8 ብሎን ከዳር እስከ ዳር ይለፍባቸው። ለዝቅተኛ ቁመት በላይኛው ቱቦ ላይ ብቻ ሁለት ተጨማሪ ቀዳዳ በቂ ነው፤ በየ10 ሳንቲው መብሳት ቱቦውን ያዳክመዋል። በጎን የሚጠብቅ ብሎን ብቻውን ላይ አትተማመኑ። ብረት በብረት ላይ ሲነቃነቅ ቀስ በቀስ ይላላል፣ ቱቦው በድንገት ይወርዳል፣ በዚያን ሰዓት ያዡ እጁን በሁለቱ ቱቦ መሃል አድርጎ ከነበረ ጣቱ ይያዛል። የ40 ሳንቲውን መስመር በቀይ ቀለም አስምሩ።

8. በላይኛው ጫፍ ላይ 6 ሚሊ ላሜራ በክብ ቆርጣችሁ የ⅜ ብሎኑን ከውስጥ አሳልፋችሁ በይዱ። እዚህ ጋ ትልቅ ወጥመድ አለ። የ⅜ ብሎን 9.5 ሚሊ ነው፤ ኤም 10 ደግሞ 10 ሚሊ። የ⅜ ብሎን በኤም 10 ዳዶ ውስጥ ይገባል፣ ጥቂት ዙር ከተሽከረከረ በኋላም ጥርሱ ስለማይገጥም ይቀረቀራል። የተቀረቀረው የጠበቀ ይመስላል። በእውነት የያዘው ግን በሁለት ሦስት ጥርስ ጫፍ ነው፤ ትንሽ ሲነቀነቅ ነቅሎ ይወጣል። ስለዚህ በስታንዱ ላይ ያለው ብሎን ⅜ ከሆነ የሚገጥመውም ⅜ ይሁን። ከአሜሪካ የሚመጡ የማይክ መያዣዎች ብዙውን ጊዜ ባለ ⅝ ኢንች ናቸውና የነሐስ መለወጫ ያስፈልጋቸዋል፤ የካሜራ ብሎን ደግሞ ¼ ነው። ¼ ብሎን ላይ ከባድ ማይክ በዚህ ቁመት አትጫኑ።

9. ማይኩንና መያዣውን በሳይክል ፍሬን ሽቦ ከምሰሶው ጋር እሰሩ። ሽቦው በ2 ማጥበቂያ ይጠበቅ፣ ከምሰሶው ላይ በተበየደ ቀለበት ውስጥ ይለፍ፣ የሚላላውም ከ10 ሳንቲ አይብለጥ። ረጅም ከሆነ ማይኩ ሲወድቅ ፍጥነት ስለሚያገኝ መያዣውን ሰብሮ ሊያልፍ ይችላል። ሲባጎና ፕላስተር ይህን ሥራ አይሠሩም፤ ፕላስተር በፀሐይ ሙቀት ይላቀቃል።

10. ከረጢቶቹን ሦስት አድርጉ፣ እያንዳንዳቸው 5 ኪሎ። ከመነዳሪ ቆርጦ ሁለቱን ጫፍ አጥብቆ ማሰር ከሁሉ የተሻለ ነው፤ አሸዋ አያፈስም፣ ውሃም አያስገባም። የማዳበሪያ ከረጢት ፀሐይ ላይ ሲውል ይበጣጠሳል። ከረጢቱ በእግሩ ጫፍ ላይ ተጋድሞ ይቀመጥ። ከምሰሶው ላይ ከፍ አድርጎ ማንጠልጠል ስህተት ነው፤ ስታንዱ ሲነቃነቅ ከረጢቱም እንደ ፔንዱለም ይወዛወዛል።

አሸዋ ተሸክሞ ረጅም መንገድ መሄድ ለከበደው ጀሪካን አለ። ባዶውን ወስዳችሁ ቦታው ላይ ውሃ ሙሉበት፤ ባለ20 ሊትሩ 20 ኪሎ ነው። እስከ አፉ ይሞላ፣ ክዳኑ ይጠበቅ፣ ከእግሩ ጋር ይታሰር። ከኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ግን ይራቅ።

ማይኩን በአግድም ክንድ አውጥተው ማንጠልጠል የሚፈልጉ አሉ። ለዚህ ስታንድ ከ50 ሳንቲ በላይ ክንድ አንመክርም። ክንዱ ሁልጊዜ ከአንዱ እግር በላይ በትክክል ይዋል፤ በሁለት እግር መካከል ከሆነ ያንን ደካማ 40 ሳንቲ ርቀት በገዛ እጃችሁ ታሳጥሩታላችሁ።

ፈተናው

ሰው በሌለበት ቦታ፣ የራስ ቁር አድርጋችሁ፣ በማይኩ ፋንታ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ነገር ሰቅላችሁ ፈትኑት። ምሰሶውን 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ በገመድ እሰሩና በመንጠቆ ሚዛን በአግድም ጎትቱ። የሚጎተተው በሁለት እግር መካከል ባለው አቅጣጫ ነው። አሸዋ ሳይኖረው በ3 ኪሎ ገደማ ሦስተኛው እግር ይነሳል፤ አሸዋው ሲኖር 7 ኪሎ ገደማ መድረስ አለበት። ከ6 ኪሎ በታች ከተነሳ ክብደት ጨምሩ። ይህ ፈተና በሦስቱም አቅጣጫ ይደገም።

ሁለተኛው የብየዳ ፈተና ነው። ስታንዱ እንዲሸከም የሚፈቀደውን 1.5 ኪሎ ሁለት እጥፍ፣ ማለትም 3 ኪሎ፣ ጫፉ ላይ ሰቅላችሁ ለአንድ ሰዓት ተዉት፤ መሃል መሃል ላይ በእጅ ነቅንቁት። ከዚያ እያንዳንዱን ብየዳ በኬሮሲን አጥባችሁ አድርቁት፣ የኖራ ዱቄት ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ኬሮሲን እየወጣ ዱቄቱ ላይ ቀጭን መስመር ይሠራል። የተሰነጠቀ ብየዳ ላይ ሌላ ብየዳ አይደረብም፤ ፍቆ እንደገና መበየድ ነው።

ፈተናውን ያለፈውን ስታንድ ሚዛኑን፣ ቀኑንና የፈታኙን ስም የያዘ ምልክት ለጥፉበት፦ «ከ1.5 ኪሎ በላይ አይጫንም። ያለ 15 ኪሎ አሸዋ አይቆምም።»

ቦታው ላይ

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አደጋ የሚያመጡ ነገሮች ከሌላው ቦታ ይለያሉ። መሬቱ ምንጣፍ ነው፤ ምንጣፉ ደግሞ ብዙ ቦታ ተደራራቢ ነው። የስታንዱ ሁለት እግር በአንድ ምንጣፍ፣ ሦስተኛው በሌላ ላይ ከሆነ ሰው አንዱን ሲጎትት ስታንዱ አብሮ ይሄዳል። ሦስቱም እግሮች በአንድ ምንጣፍ ላይ ይሁኑ፣ ወይም ካህናቱን አስፈቅዳችሁ ጠርዙን ገልብጣችሁ ወለሉ ላይ አቁሙ። በዓል ሲሆን ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ እግሩን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፣ ያንሸራትታልም። ምእመናን ጫማ አውልቀው ስለሚገቡ 25 ሚሊ ቱቦላሬ በጣት ሲመታ ምን እንደሚሆን አስቡት። ቄጤማውን ከእግሮቹ ዙሪያ ጥረጉና እግሮቹን በነጭ ፕላስተር ምልክት አድርጉ።

ወረብ ሲጀመር ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳሉ፤ ከበሮ መቺውም ባለበት አይቆምም። ስታንዱ ከመጨረሻው ሰው ቢያንስ 2 ሜትር ይራቅ። ቀድሞ የቆሙበትን ቦታ አይታችሁ ብቻ አትወስኑ፤ አመላለሱን የሚያውቅ አንድ መሪጌታ ጠይቁ። ጧፍ ከሚበራበት ቦታም የማይኩን ስፖንጅና የከመነዳሪ ከረጢት አርቁ። ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ላይ በምንም ምክንያት አይቆምም።

ገመዱ ከማይኩ ወርዶ ምሰሶው ላይ በየ50 ሳንቲው ይታሰር። ከታች፣ ከላሜራው አጠገብ፣ አንድ ጊዜ ተጠምጥሞ ይታሰርና 1 ሜትር ያህል ትርፍ ይተውለት። ሰው ገመዱን ሲመታው ጉልበቱ መሬት ላይ ባለው ላሜራ ላይ እንዲያርፍ ነው። ከጫፍ በቀጥታ ወደ መቅጃው የተወጠረ ገመድ 3.7 ሜትር ርዝመት ያለው ማንሻ ነው፤ አሸዋ ካለው እንኳ 3 ኪሎ ያህል ጉልበት ይበቃዋል።

ሜዳ ላይ ሲሆን መጀመሪያ ቀና ብላችሁ የኤሌክትሪክ ሽቦ እዩ። ከሁሉም አደጋ በፍጥነት የሚገድለው ይህ ነው። ብረት ምሰሶ ይዞ የሚያቆም ሰው ሽቦውን ባይነካውም ከፍተኛ ኃይል ያለው መስመር አየሩን ዘሎ ሊይዘው ይችላል። ደንባችሁ ይህ ይሁን፦ ስታንዱ በየትኛውም አቅጣጫ ቢወድቅ ከሽቦው 3 ሜትር መራቅ አለበት። ለ3.7 ሜትር ስታንድ ከሽቦው ሥር ካለው መስመር ወደ 7 ሜትር ማለት ነው። ምሰሶው ተጋድሞ ይወሰዳል እንጂ ተነስቶ በትከሻ አይወሰድም። ነጎድጓድ ከተሰማ ቀረጻው ይቁም፣ ምሰሶውም ይውረድ።

ንፋስ ያለበት ሜዳ ላይ ሦስት ገመድ 2.5 ሜትር ከፍታ ላይ ታስሮ ከምሰሶው 2.5 ሜትር ርቀት ላይ ባለ ካስማ ይወጠር። ካስማው 50 ሳንቲ ርዝመት ያለው የ12 ፌሮ ይሁን፤ ጫፉ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይሸፈን፣ ገመዱ ላይ ነጭ ጨርቅ ይታሰር። ሕዝብ በሚተራመስበት ቦታ ግን፣ ለምሳሌ ጥምቀት በጃን ሜዳ፣ የተወጠረ ገመድ ራሱ ሰው ይጥላል። እንዲህ ባለ ቦታ በእጅ የተሠራ ረጅም ስታንድ አታቁሙ። ማይኩን በእጅ በሚያዝ ዘንግ መቅዳት ይሻላል፤ ድምፁ ትንሽ ይወርዳል፣ ሰው ግን አይጎዳም።

ስታንዱ ከቆመበት ጊዜ ጀምሮ እስኪወርድ አንድ ሰው ከ3 ሜትር በላይ ሳይርቅ ይጠብቀው። መቅጃውን የሚሰማው ሰው ጠባቂ ሊሆን አይችልም፤ ጆሮው ተሸፍኗል፣ ዓይኑም መለኪያው ላይ ነው።

ከወደቀ ማን ይጠየቃል?

በኢትዮጵያ መሠረቱ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ እንዲክስ ያስገድዳል። ቁጥር 2031 ደግሞ ሙያ ይዞ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ይጠይቃል። ስለዚህ በገንዘብ ድምፅ የምትቀዱ ከሆነ «ስታንድ ሠሪ አይደለሁም» የሚለው መከራከሪያ ብዙ አያራምድም፤ ሕዝብ መሃል ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ። ቀጣሪ ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት በቁጥር 2130 ይጠየቃል። ስታንዱ የወደቀው በራሱ ሠራተኛ ላይ ከሆነ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊነት አለበት።

ስታንዱን ሠርታችሁ መሸጥ ስትጀምሩ ነገሩ ይከብዳል። ቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው መንገድ ሲሠራበት ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ በሚችል ጉድለት ግን አይጠየቅም። የውስጥ ብየዳ አረፋ ገዢው በዓይኑ ሊያየው አይችልም። ስለዚህ ለሽያጭ ከሠራችሁ የፈተናውን ወረቀት፣ የክብደት ምልክቱንና የአሸዋውን ከረጢት አብራችሁ ስጡ፤ ያለ ከረጢት አትሽጡ። ለጓደኛ በነፃ ማዋስም ከጥያቄ ነፃ አያደርግም፤ የላላ ብሎን እንዳለው እያወቀ ያዋሰ ሰው ጥፋት አለበት።

ከባድ ጉዳት ከደረሰ ጉዳዩ በካሳ ብቻ አያበቃም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት አካል ማጉደል በአንቀጽ 559፣ በቸልተኝነት ሰው መግደል በአንቀጽ 543 ያስቀጣል።

መድን ካላችሁ ውሉን አውጥታችሁ አንብቡ። የመኪና የሦስተኛ ወገን መድን ይህን አይሸፍንም። የምትፈልጉት በሥራችሁ ምክንያት በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሆን መድን ነው። «ራሳችን የሠራነው መሣሪያ ይካተታል?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በአሜሪካ ያሉ የእኛ መዘምራንና የባህል ቡድኖች አዳራሽ ሲከራዩ አከራዩ የመድን ማረጋገጫ ወረቀት ይጠይቃቸዋል፤ ብዙ ጊዜም በአንድ አደጋ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚሸፍን መሆን አለበት። በእንግሊዝ ደግሞ የ1998ቱ የሥራ መሣሪያዎች ደንብ መሣሪያው ለሥራው ተስማሚና በየጊዜው የተጠበቀ እንዲሆን ግዴታ ያስቀምጣል፤ በግሉ የሚሠራንም ይጨምራል። እዚያ የአዳራሹ ኃላፊ የክብደት ምልክት የሌለውን ስታንድ አላስገባም ቢላችሁ ከእሱ ጋር መከራከሪያ የላችሁም፤ የተሠራውን ተከራዩ።

ከቀረጻው በፊት ከሰበካ ጉባኤው ወይም ከቦታው ባለቤት ጋር የአንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ፦ ስታንዱ የት እንደሚቆም፣ ጠባቂው ማን እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ አውርዱ የማለት ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ። ስታንዱ ከቆመ በኋላ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ፤ ከረጢቶቹና የተጠበቀው ገመድ ይታዩ። ለእያንዳንዱ ስታንድ ደብተር ይኑረው፤ የተፈተነበት ቀን፣ የተቀየረ ብሎን፣ የተገኘ ስንጥቅ ይጻፍበት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት በኋላ አንዱ ሆኖ፣ ሙሉው ፈተና ይደገም፤ ውሃ በቱቦው ውስጥ ይጠራቀምና ከውስጥ ያዝገዋል።

አደጋ ከደረሰ መጀመሪያ ሰውየው ነው። ራሱን ወይም አንገቱን የተመታ ሰው አይንቀሳቀስ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራ። ራሱን ተመትቶ «ደህና ነኝ» ያለ ሰው በሚቀጥሉት ሰዓታት ካስታወከ፣ ካንቀላፋ ወይም ንግግሩ ከተሳሰረ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ከዚያ ስታንዱ በወደቀበት ሳይነሳ ፎቶ ይነሳ፣ የተሰበረው ብሎን ወይም ብየዳ ሳይጠገን በተለየ ከረጢት ይቀመጥ፣ ያዩ ሰዎች ስምና ስልክ ይመዝገብ፣ መድን ድርጅቱም በዚያው ቀን ይነገረው። የካሳ ክስ በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ አድራጎቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ግን ረጅሙ ጊዜ ይሠራል። ስለዚህ የስታንዱ ደብተርና ፎቶዎቹ ከዚያ ጊዜ በፊት አይጣሉም።